ገንዘቡ ይመዘን ወይስ ተቀባዩ?

ጁላይ 31 ቀን 2018 የኦንታሪዮ የማኅበራዊ አገልግሎት ሚኒስትር ሊሳ ማክላውድ አንድ ውሳኔ አሳወቁ። የቀድሞው መንግሥት ለሦስት ዓመት አስቦ የጀመረው የመሠረታዊ ገቢ ሙከራ ከመንገድ እንዲቀር ተወሰነ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ምክንያት ሆኖ የቀረበው የወጪው መብዛትና ሙከራው ለክፍለ ሀገሩ ቤተሰቦች መፍትሔ አለመሆኑ ነበር። የወጪው ነገር እውነት ነው፤ በዓመት ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር ይፈጅ ነበር። መፍትሔ አለመሆኑን ግን ያኔ ሊያውቅ የሚችል ሰው አልነበረም፤ ሙከራው የተጀመረው ይህንኑ ጥያቄ ሊመልስ ነበርና። ክፍያው እስከ ማርች 2019 ቀጥሎ ቆመ፤ ገለልተኛ ገምጋሚዎቹም ሥራቸውን ሳይጨርሱ ተሰናበቱ። ከዚያ ወዲህ ቶሮንቶ ውስጥ ለድሃ ጥሬ ገንዘብ ስለመስጠት ክርክር በተነሣ ቁጥር አንዱ ወገን «ተሞክሮ ከሽፏል» ሲል ሌላው «ተሞክሮ ተሳክቷል» ይላል። ሁለቱም የሚነግሩን ያላለቀ ፈተና ውጤት ነው።

ፈተናው ቢያልቅ ኖሮ ምን ሊያሳየን እንደሚችል ለማወቅ አሠራሩን ማየት ያስፈልጋል። ሐሳቡን በ2016 በጽሑፍ ያዘጋጁት ሂው ሲጋል የተባሉ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ሰውና የቀድሞ ሴናተር ነበሩ፤ ነገሩ የግራ ዘመም ሕልም ብቻ ነው ለሚል ሰው ይህ ሊታወስ ይገባል። የካትሊን ዊን መንግሥት በኤፕሪል 2017 ሃሚልተን ላይ ይፋ ሲያደርገው፣ ብቻውን የሚኖር ሰው በዓመት እስከ 16,989 ዶላር፣ ጥንዶች ደግሞ እስከ 24,027 ዶላር እንዲያገኙ ተደነገገ። አካል ጉዳተኛ እስከ 6,000 ዶላር ይጨመርለታል። ተቀባዩ ሠርቶ ከሚያገኘው እያንዳንዱ ዶላር ግማሹ ከክፍያው ይቀነሳል። በሃሚልተንና ብራንትፎርድ አካባቢ፣ በተንደር ቤይና በሊንድሴ 4,000 ሰዎች ተመዘገቡ፤ ክፍያውን የማያገኝ ማነጻጸሪያ ቡድንም ተዘጋጀ። ከሦስቱ ቦታዎች መካከል ቶሮንቶ የለችም። በካናዳ ትልቋ ከተማ፣ ኪራይ ከሌላው የኦንታሪዮ ከተማ ሁሉ በሚከብድበት ቦታ፣ ገንዘቡ ምን እንደሚገዛ የሚያሳይ አንድም ቤተሰብ በጥናቱ ውስጥ አልገባም። ሙከራው በሙሉ ዕድሜው ቢጠናቀቅ እንኳ ስለ ቶሮንቶ የሚነግረን በተዘዋዋሪ ነበር።

የዚህ ምዕራፍ ክርክር ቀላል ነው። የጥሬ ገንዘብ ድጋፍ ሲገመገም፣ ደጋፊውም ነቃፊውም ዓይኑን የሚተክለው በተቀባዩ ጠባይ ላይ ነው። ጠጣ ወይስ ቆጠበ? ሥራ ፈታ ወይስ ተማረ? ደጋፊው «እዩ፣ ጨዋ ሰው ነው» ብሎ ይሟገታል፤ ነቃፊው «እዩ፣ አባካኝ ነው» ይላል። የጠባዩ ጥያቄ ግን ከሞላ ጎደል መልስ አግኝቷል። ያልተመለሱት ሌሎቹ ናቸው፦ መጠኑ ከቤት ኪራይ ጋር ሲተያይ ይበቃል ወይ? ሰው ኑሮውን ሊያቅድበት በሚችልበት ያህል ጊዜ ይቆያል ወይ? ሊደርሰው ለሚገባው ሰው ይደርሳል ወይ? ሦስቱም የፕሮግራሙ ጠባዮች ናቸው፤ የድሃው አይደሉም።

የጠባዩን ጉዳይ ግን ዘልለን ማለፍ አንችልም፤ አብዛኛው አንባቢ በልቡ የያዘው እሱን ነውና። መጀመሪያ የስንፍናው ነገር። ካናዳ በ1970ዎቹ በማኒቶባ ክፍለ ሀገር «ሚንካም» የተባለ ሙከራ አካሂዳ ነበር። ዊኒፔግ ውስጥ በዕጣ የተመረጡ ቤተሰቦች ተካተቱ፤ ዶፊን በተባለች ትንሽ ከተማ ደግሞ ገቢው የሚያበቃው ነዋሪ ሁሉ መቀበል ይችል ነበር። የሥራ ሰዓት የቀነሰው በባሎች 1 በመቶ፣ በሚስቶች 3 በመቶ፣ ባላገቡ ሴቶች 5 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በኋላ ዶፊንን ለብቻዋ ያጠኑ ተመራማሪዎች ከዚህ የበለጠ፣ ወደ 11 የመቶኛ ነጥብ የሚጠጋ የሥራ ተሳትፎ ቅናሽ አግኝተዋል፤ ይህን የሚደብቅ ተከራካሪ አይታመንም። በቅርቡ አሜሪካ ውስጥ፣ በቴክሳስና በኢሊኖይ፣ ለ1,000 ሰዎች ለሦስት ዓመት በየወሩ 1,000 ዶላር ሲሰጥ ሥራ ላይ ያሉት ወደ 2 የመቶኛ ነጥብ ቀንሰዋል፤ በሳምንትም ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ሥራ ጎድሏል። ስለዚህ «ሥራን ጭራሽ አይነካም» የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ይነካል። ጥያቄው በምን ያህል የሚለው ነው፤ መልሱ ደግሞ አገር ከሚያቆም ስንፍና በጣም የራቀ ነው። የዶፊን ሰነዶች ለብዙ ዓመታት በካርቶን ታሽገው ከተቀመጡበት የወጡት የጤና ኢኮኖሚ ባለሙያዋ ኤቭሊን ፎርዤ ሲመረምሯቸው ነው፤ በ2011 ባወጡት ጥናት የዶፊን ሰዎች ሆስፒታል የመግባታቸው መጠን ከማነጻጸሪያው ሕዝብ አንጻር በ8.5 በመቶ እንደቀነሰ አሳይተዋል፤ ቅናሹ በተለይ በአደጋና በአእምሮ ጤና በኩል ጎልቶ ይታያል። ወጣቶችም እስከ 12ኛ ክፍል የመቆየት ዕድላቸው ጨምሯል።

በኦንታሪዮው ሙከራ በኩል ያለን መረጃ ደካማ ነው፤ ጥፋቱ የአጥኚዎቹ ሳይሆን ሙከራውን ያቋረጠው መንግሥት ነው። የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከተሳታፊዎቹ 217ቱን አግኝተው ጠየቁ፤ ሪፖርታቸውም በማርች 2020 ወጣ። ቀድሞ ሥራ ከነበራቸው መካከል ከአራቱ ሦስቱ በላይ ክፍያውን እየተቀበሉ ሥራቸውን ቀጥለዋል፤ ሥራ ካቆሙት ውስጥ ደግሞ ከአሥሩ አራት ያህሉ ሙሉ ጊዜ ትምህርት ገብተዋል። ደስ የሚል ውጤት ነው። ነገር ግን 217 ሰዎች ፈቅደው የመለሱት መጠይቅ ነው፤ ማነጻጸሪያ ቡድን የለውም፤ የተጠየቁትም ክፍያው ከተቋረጠ በኋላ ነው። ይህን ጥናት እንደ መጨረሻ ማስረጃ ይዞ መከራከር ነቃፊዎችን በራሳቸው ስሕተት መከተል ይሆናል።

የመጠጡና የሱሱ ጥርጣሬ በጣም ሥር የሰደደ ስለሆነ ከሥራው ይልቅ በደንብ ተጠንቷል። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ዴቪድ ኢቫንስና አና ፖፖቫ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ 19 ጥናቶችን አሰባስበው በ2017 ሲያሳትሙ፣ ጥሬ ገንዘብ የመጠጥና የሲጋራ ወጪን እንደማይጨምር ደመደሙ፤ እንዲያውም አዝማሚያው ወደ መቀነስ ነው። «ያ የገጠር ድሃ ነው፤ የከተማ ቤት አልባ ሌላ ነው» ለሚል ሰው የቫንኩቨሩ ጥናት አለ። «ኒው ሊፍ» በተባለው በዚህ ፕሮግራም ቤት አልባ ለሆኑ 50 ሰዎች በአንድ ጊዜ 7,500 ዶላር ተሰጣቸው፤ 65ቱ ገንዘቡ ሳይሰጣቸው ለማነጻጸሪያ ቀሩ። በዓመቱ ገንዘቡን ያገኙት ሰዎች ቤት አልባ ሆነው ያሳለፉት ጊዜ ከሌሎቹ በ99 ቀን ያንስ ነበር፤ የመጠጥና የሱስ ወጪያቸውም አልጨመረም። መጠለያ ባለመጠቀማቸው የዳነው ወጪ ከተሰጣቸው 7,500 ዶላር በልጦ በሰው 777 ዶላር ተረፈ። ይህ ቁጥር ቶሮንቶ ውስጥ በየስብሰባው ይጠቀሳል። የማይጠቀሰው ግን አጥኚዎቹ መጀመሪያ 732 ሰዎችን አነጋግረው፣ ከባድ የሱስና የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን አስቀርተው፣ ማጣሪያውን 229 ብቻ ማለፋቸው ነው፤ ከእነዚያም ግማሽ ያህሉ ሳይገኙ ቀሩ። ስለዚህ ጥናቱ የሚናገረው በቅርብ ጊዜ ቤት ስላጣው፣ ጤናው ብዙም ስላልተጎዳው ሰው ነው። ቶሮንቶ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል፤ ከሥራ ተቀንሶ ኪራይ ያቃተው፣ ከትዳር ወጥቶ ሼልተር የገባ፣ ጥገኝነት ጠይቆ ማረፊያ ያጣ። በዳውንታውን መንገድ ላይ ዓመታት ላሳለፈው ታማሚ ግን ጥሬ ገንዘብ ብቻውን ይበቃዋል የሚል ማስረጃ የለንም፤ እኔም ይበቃዋል ብዬ አልከራከርም።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ። እዚህ ነው የቶሮንቶ ክርክር የሚለየው። በኦንታሪዮ ያለ ጤነኛ ጎልማሳ ብቻውን ሆኖ ዌልፌር ቢጠይቅ፣ ኦንታሪዮ ወርክስ የሚሰጠው በወር ቢበዛ 733 ዶላር ነው፤ 343ቱ ለምግብና ለኑሮ፣ 390ው ለመጠለያ ተብሎ ተከፍሏል። ቁጥሩ ከ2018 መኸር ጀምሮ አልተነካም። ሥሩ ግን ከዚያ ይርቃል። በ1995 የማይክ ሃሪስ መንግሥት ሥልጣን እንደያዘ የዌልፌርን ክፍያ በአንድ ጊዜ በ21.6 በመቶ ቆርጦ ነበር፤ በኋላ የጨመሩት መንግሥታትም፣ ሊበራሉም ጭምር፣ ከዚያ ዝቅታ ላይ ሆነው በጥቂት ሳንቲም ሲጨምሩ ኖሩ። ዛሬ ቶሮንቶ ውስጥ አዲስ ተከራይ ለባለ አንድ መኝታ ቤት የሚጠየቀው ከ2,000 ዶላር በላይ ነው። በ390 ዶላር ቤዝመንት ውስጥ ያለ አንድ ክፍል እንኳ አይገኝም፤ ሙሉው 733 ቢወጣም ለብዙዎቹ ክፍሎች አይደርስም። ለአንድ ሰው የሚበቃ እንጀራ ለአራት ዘርግቶ «እንጀራ አያጠግብም» የሚል ሰው ቢኖር ማንም አይሰማውም። ስለ ጥሬ ገንዘብ የምንሰማው ፍርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ ያለ ነው። ዌልፌር ሰውን ከድህነት አላወጣም ይባላል፤ እንዲያወጣ ተደርጎ መቼ ተተመነ?

መጠኑ ሲበቃ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የካናዳ የድህነት አሐዝ ራሱ ይናገራል። በ2019 ከሕዝቡ 10.3 በመቶ ከድህነት መስመር በታች ነበር። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሥራ ሲያቆም የፌደራሉ መንግሥት ገቢው ለተቋረጠበት ሠራተኛ በአራት ሳምንት 2,000 ዶላር፣ ያለ ኬዝ ወርከር፣ ያለ ብዙ ቅጽ መክፈል ጀመረ። በዚያ ዓመት፣ ኢኮኖሚው ተዘግቶ እያለ፣ ድህነት ወደ 6.4 በመቶ ወረደ። ክፍያዎቹ ሲቆሙና ዋጋ ሲንር በ2022 ወደ 9.9፣ በ2023 ወደ 10.2 በመቶ ተመለሰ። በዚሁ ጊዜ በቶሮንቶ ወደ ፉድ ባንክ የሚመጡት ሰዎች ጉብኝት ከልክ በላይ ጨመረ፤ ዴይሊ ብሬድ የተባለው ፉድ ባንክና አጋሮቹ በ2024 ሪፖርታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ 3.49 ሚሊዮን ጉብኝት መዝግበዋል። እርግጥ 2020 ንጹሕ ሙከራ አይደለም። ገንዘቡ በችኮላ የተበተነ ነው፤ የፌደራሉ ዋና ኦዲተር በ2022 መጨረሻ ባወጡት ሪፖርት በወረርሽኙ ክፍያዎች 4.6 ቢሊዮን ዶላር ለማይገባቸው ሰዎች መሰጠቱን፣ ሌላ 27.4 ቢሊዮን ሊመረመር እንደሚገባ ተናግረዋል። ይህ ከባድ ነቀፋ ነው። ነገር ግን ነቀፋው ያረፈው በማጣሪያው ላይ ነው። ገንዘቡ የድህነትን አሐዝ ዝቅ ማድረጉን ኦዲቱ አላስተባበለም።

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ ደግሞ በየቤታችን አለ። ካናዳ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ አዛውንት ከጡረታው በላይ ተጨማሪ ክፍያ መስጠት የጀመረችው በ1967 ነው፤ ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ያሉት ከሌላው ዕድሜ ሁሉ ያነሰ ድህነት አለባቸው። ለልጆች የሚከፈለው የቻይልድ ቤኔፊት ጁላይ 2016 ሲጀመር ከስድስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በዓመት እስከ 6,400 ዶላር ይሰጥ ነበር። የልጆች ድህነት በ2015 ወደ 16 በመቶ የነበረው በ2019 ከ10 በመቶ በታች ሆነ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ቤከርና ባልደረቦቻቸው ሲመረምሩ፣ ድህነትን መቀነሱን አረጋገጡ፤ እናቶችን ከሥራ ማስቀረቱን የሚያሳይ ግን አላገኙም። ማንም እናትን «ይህን ገንዘብ ለምን አዋልሽው?» ብሎ ደረሰኝ አይጠይቅም፤ አገሩም አልፈረሰም። እንግዲህ ካናዳ በመርሕ ደረጃ ለአዛውንትና ለሕፃን ጥሬ ገንዘብን ተቀብላለች። የተተወው መካከለኛው ዕድሜ ነው፤ ልጅ የሌለው፣ ያላረጀ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው። በዚህ ቡድን ውስጥ ከአራት ሰው ከአንድ በላይ ድሃ ነው። የዚህ ሰው ጥፋት ምን እንደሆነ ፖለቲከኞቹ በግልጽ አይናገሩም፤ የ733 ዶላሩ ተመን ግን ስለ እሱ ያላቸውን ግምት ይናገራል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ስለ ስንፍና አይደለም፤ ስለ አከራይ ነው። ለድሃው 500 ዶላር ብንጨምር አከራዩ ኪራዩን በ500 አይጨምርም ወይ? ይህ በቁም ነገር መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በ2006 የታተመ ጥናት መንግሥት ለተከራይ ከሚሰጠው ከእያንዳንዱ ዩሮ የኪራይ ድጎማ 78 ሳንቲሙ በኪራይ ጭማሪ ወደ አከራይ እንደሚሄድ አሳይቷል። ነገር ግን ያ ድጎማ ለኪራይ ብቻ የሚውል ነው። ከኪራይ ጋር ያልታሰረ ገንዘብ ለምግብም፣ ለልጅ ጫማም፣ ለትራንስፖርትም ይውላል፤ ሁሉም ወደ አንድ ኪስ አይፈስም። ኦንታሪዮ ውስጥ ደግሞ ቀድሞ በቤቱ ውስጥ ያለ ተከራይ ኪራዩ በየዓመቱ ከተወሰነ መጠን በላይ አይጨመርበትም፤ በ2025 ያ ጣሪያ 2.5 በመቶ ነበር። ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ከኖቬምበር 15 ቀን 2018 በኋላ መጀመሪያ የተያዘ ቤት ከጣሪያው ነጻ ነው፤ ማንኛውም ቤት ተከራይ ሲለቅም አከራዩ የፈለገውን መጠየቅ ይችላል። የሥጋቱ ትክክለኛ ቦታ እንግዲህ ቤት ለዋጩ ድሃ ነው፤ ተረጋግቶ የተቀመጠው ግን ብዙም አያሰጋውም።

ቶሮንቶ የጥሬ ገንዘብንና የኪራይን ግንኙነት በራሷ እያየችው ነው። ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ፌደራሉና ክፍለ ሀገሩ በጋራ የሚከፍሉት የካናዳና ኦንታሪዮ የቤት ድጎማ አለ፤ በአካባቢው አማካይ ኪራይ 80 በመቶና በቤተሰቡ ገቢ 30 በመቶ መካከል ያለውን ልዩነት በጥሬው ይሰጣል። ተቀባዩ ገንዘቡን ይዞ ኦንታሪዮ ውስጥ ወደፈለገበት መሄድ ይችላል። ከተማዋ ብዙ ሰዎችን ከሼልተር ወደ ቤት ያወጣችው በዚህ ነው። ሁለት ነገር ያንቀዋል፤ በየዓመቱ የሚመደበው ኮታ አልቆ ይዘጋል፤ ተቀባዩም ከመንግሥት ቤት ተራ ጠባቂዎች ዝርዝር ላይ ስሙን ማስወጣት አለበት። ቶሮንቶ ውስጥ በዚያ ዝርዝር ላይ ከ80 ሺህ በላይ ቤተሰቦች ተራ እየጠበቁ ነው፤ ተራ ጥሎ የሚሄድ ሰው ድጎማው አንድ ቀን ቢቆም የሚመለስበት የለውም። እዚህ ላይ የጥሬ ገንዘብ ደጋፊዎች የሚያልፉትን ነገር ልናገር፦ ቤት ካልተሠራ ገንዘብ ብቻውን በጨረታው ላይ ተጫራች ያበዛል። ገንዘብና ግንባታ አንዱ በሌላው ፈንታ የሚቀርቡ አማራጮች አይደሉም። ግንባታው ግን ዓመታት ይወስዳል፤ ኪራዩ በየወሩ መጀመሪያ ይጠየቃል።

አከራዩ ምን ያህል ይወስዳል የሚለውን በትክክል ለመለካት ደግሞ ተቀባዮቹን ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ ሰፈሩን ማየት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ይህን ከቶሮንቶ በተሻለ አድርጋዋለች። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት የተባለው የኢትዮጵያ ፕሮግራም በ11 ከተሞች ወደ 604 ሺህ ሰዎችን ለመድረስ ታቅዶ ሲጀመር፣ ከዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፣ ከመንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦለት ነበር፤ አብዛኞቹ ተጠቃሚዎች የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ነበሩ። መሥራት የሚችሉት በጽዳትና በመሰል የአካባቢ ሥራ ተሰማርተው ይከፈላቸው ነበር፤ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ያለ ሥራ በቀጥታ ያገኙ ነበር። ሁሉንም ወረዳ በአንድ ጊዜ ማዳረስ ስላልተቻለ ቀድመው የሚጀምሩት በዕጣ ተለዩ። ዕጣው ለፍትሕ ተብሎ የወጣ ቢሆንም ለአጥኚዎች በረከት ሆነ፤ አስተማማኝ ማነጻጸሪያ ሰጣቸው። ግሩም አበበና የውጭ ባልደረቦቻቸው የወረዳዎቹን የሥራ ገበያ ሲያስተያዩ፣ ፕሮግራሙ በግል ሥራ የሚከፈለውን ደመወዝ ከፍ እንዳደረገ አገኙ፤ ጥቅሙ ስማቸው በመዝገቡ ላይ ለሌለ ድሆችም ተርፏል። ኦንታሪዮም ይህን ልትለካ ነበር። ሊንድሴ ወደ 20 ሺህ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት፤ 2,000ው ሙከራ ውስጥ እንዲገባ የታሰበው የአከራዩን፣ የሱቁንና የአሠሪውን ምላሽ ለማየት ነበር። የተቋረጠው ሙከራ ያሳጣን ትልቁ መልስ ይህ ይመስለኛል።

ወጪውስ? የፌደራሉ ፓርላማ የበጀት ጽሕፈት ቤት በኤፕሪል 2018 የኦንታሪዮው ዓይነት ክፍያ በመላ ካናዳ ቢሰጥ በዓመት 76 ቢሊዮን ዶላር እንደሚጠይቅ፣ ነባር ድጋፎች ቢታጠፉ ደግሞ ወደ 43 ቢሊዮን እንደሚወርድ አስልቷል። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ያቋቋመችው የባለሙያዎች ቡድንም፣ ዴቪድ ግሪን፣ ጆናታን ኬሰልማንና ሊንዚ ቴድስ ያሉበት፣ ብዙ ጥናት አስጠንቶ ለሁሉ የሚሆን መሠረታዊ ገቢ ከመጀመር ይልቅ ያሉትን ድጋፎች አንድ በአንድ ማጠናከር ይሻላል አለ። በዚህ በኩል ከባለሙያዎቹ ጋር ነኝ። ነገር ግን የሪፖርታቸውን ሁለተኛ ክፍል ሳያነቡ የመጀመሪያውን ብቻ የሚጠቅሱ ብዙ ናቸው። ቡድኑ ለሁሉ የሚለውን ነቅፎ፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ ከጥቃት ለሚሸሹ ሴቶች፣ ከማሳደጊያ ለሚወጡ ወጣቶች ግን በቂ ገንዘብ ይሰጥ ነው ያለው። የቶሮንቶው ጥያቄም 76 ቢሊዮን አይጠይቅም። ጥያቄው የ733 ዶላሩ ሰው ወደ ሲጋል ሐሳብ፣ ማለትም ወደ 1,320 ዶላር ገደማ ይጠጋ የሚል ነው።

ስለ ጊዜ ርዝመት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሰው ለሦስት ዓመት የተገባለት ቃል በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ሲታጠፍ፣ ለትምህርት የተመዘገበው ትምህርቱን፣ ቤት የቀየረው ቤቱን ይዞ ይወድቃል። ለአጭር ጊዜ መሆኑን አስቀድሞ የሚያውቅ ተቀባይም ሥራውን አይለቅም፣ ቤትም አይቀይርም፤ ስለዚህ አጭር ሙከራ ጉዳቱንም ጥቅሙንም አሳንሶ ያሳያል።

የመጨረሻው ነገር ገንዘቡ የማይደርሰው ሰው ነው፤ በግምገማዎች ውስጥ የለም፤ ማንም አይጠይቀውምና። በ2023 የበጋ ወራት ከአፍሪካ የመጡ ጥገኝነት ጠያቂዎች 129 ፒተር ስትሪት ካለው የከተማዋ ቢሮ ደጅ ላይ ሌሊቱን ሲያድሩ መላው ካናዳ አይቷል። ጥገኝነት ጠያቂ ኦንታሪዮ ወርክስ ማግኘት ይችላል፤ የቻይልድ ቤኔፊትን ግን ጉዳዩ ተቀባይነት እስኪያገኝ አያገኝም፤ ድህነትን በመቀነስ የተመሰከረለት ክፍያ በጣም ከሚያስፈልጋቸው ልጆች የተከለከለው በሕግ ነው። በቸልታ የሚቀርም አለ። የካርልተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጄኒፈር ሮብሰንና ሶል ሽዋርትዝ በ2020 ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ ከካናዳ ነዋሪ ከ10 እስከ 12 በመቶ የሚሆነው ታክስ አይሞላም፤ በዚህም ምክንያት በ2015 ብቻ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ድጎማ ሳይወሰድ ቀርቷል። የቻይልድ ቤኔፊት፣ የጂኤስቲ ተመላሽ፣ የኦንታሪዮ ትሪሊየም፣ የአዛውንቶች ተጨማሪ ክፍያ፣ ሁሉም የሚሰላው በታክስ ቅጹ ላይ ነው። ስለዚህ ይህን የሚያነብ ሁሉ አንድ ነገር ያድርግ፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዶላር ያልሠራች እናት፣ ገና ወረቀት ያገኘ ወጣት፣ እንግሊዝኛ የማያውቁ አባት በአካባቢው ቢኖሩ፣ ገቢ ባይኖራቸውም እስከ ኤፕሪል 30 ታክስ መሙላት እንዳለባቸው ይንገራቸው። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው በነጻ የሚሞሉ በጎ ፈቃደኞች በቤተ መጻሕፍትና በማኅበረሰብ ማዕከላት አሉ።